የዞረ ሥራ

ሙያዬ ሂሳብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የዘጠኝ ትናንሽ ነጋዴዎችን መዝገብ እየያዝኩ እተዳደራለሁ፤ ፋርማሲ አለ፣ ካፌ አለ፣ የብረት በር የሚበይድ ቤት አለ፣ ልብስ ስፌት አለ። ለአብዛኞቹ በየወሩ ቫት፣ የደመወዝ ግብርና የጡረታ መዋጮ ዲክሌር ይደረጋል (አስታውቆ መክፈል ማለት ነው)። ቤት ስገባ ሁለት ልጆች፣ ስኳር ያለባት እናቴ፣ ዕድር፣ ዕቁብና በሩ የማይገጥም ቁም ሳጥን ይጠብቁኛል። ይህን ሁሉ በጭንቅላቴ መያዝ እንደማልችል የገባኝ ከአሥር ዓመት በፊት ነው። በምን እንደምይዘው ካወቅሁ ግን ገና አራተኛ ዓመቴ ነው። በመካከል ያሉትን ስድስት ዓመታት ዝርዝር በማሳመር አሳለፍኳቸው።

ይህን የምጽፈው እንደኔ በየዓመቱ አዲስ አፕ አውርዶ በወሩ የሚተው ሰው ካለ ትንሽ ድካም ልቀንስለት ብዬ ነው።

መጀመሪያ አጀንዳ ነበር። ለአዲስ ዓመት ባንኮችና ድርጅቶች የሚያድሉትን ጠንካራ ሽፋን ያለው አጀንዳ ታውቁታላችሁ። የኔው እስከ ጥቅምት አጋማሽ ይጻፍበታል፣ ከዚያ ትንሿ ልጄ አበባ ትስልበታለች። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ ስላለው ማክሰኞ ያልሠራሁት ነገር እዚያው ማክሰኞ ላይ ተቀብሮ ይቀራል፤ ረቡዕን የገለጠ ሰው መቼም ማክሰኞን አያይም። ቀጥሎ ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት መጣ፤ የኮምፒውተሬ ዙሪያ የሠርግ ድንኳን መሰለ። ከዚያ አፕ።

አፕ ላይ በጣም ጎበዝ ሆኜ ነበር። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ክፍል፣ ለቤት አንድ ክፍል፣ ለእናቴ አንድ ክፍል ከፈትኩ። አስቸኳዩ ቀይ፣ ተከታዩ ብርቱካናማ፣ «አንድ ቀን» የሚባለው ሰማያዊ። በዚያ ላይ «ስልክ»፣ «ባንክ»፣ «ደክሞኝም የሚሠራ» የሚሉ መለያዎች። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፍልቼ ሁለት ሰዓት ያህል ይህን አደራጃለሁ። ስጨርስ የሚሰማኝ እርካታ ቤቱን ወልውሎ የጨረሰ ሰው ዓይነት ነው፤ ከተጻፈው ሥራ ግን አንዱም አልተነካም።

ጣጣው የጀመረው አንዲት መስመር ለመጻፍ አምስት ጥያቄ መመለስ ሲኖርብኝ ነው። የየትኛው ክፍል ነው? መቼ ነው? ምን ቀለም ነው? ታክሲ ውስጥ በስልክ የተነገረኝን ነገር «ቤት ስገባ አስገባዋለሁ» እል ጀመር፤ ቤት ስገባ ይረሳል። በመጨረሻ ግማሹ ሥራ አፑ ላይ፣ ሌላው ቴሌግራም ላይ ለራሴ በላክሁት መልእክት፣ የቀረው ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሆነ። አንድ ደንበኛ ደውሎ «ያ ነገር የት ደረሰ?» ሲለኝ ሦስቱንም አገላብጣለሁ።

ከዚያ ግንቦት መጣ።

መጋቢት ላይ ለአንዱ ደንበኛዬ የቫት ማስታወሻ አፑ ላይ ሞልቼ ነበር። የአንድ ወር ቫት የሚቀጥለው ወር ሳያልቅ ዲክሌር መደረግ አለበት። መጋቢት 30 በፈረንጆቹ ኤፕሪል 8 ነው፤ ስለዚህ «በየወሩ በ8ኛው ቀን» አልኩት። ሚያዝያ 30 ሜይ 8 ስለሚውል ያኔም በትክክል ጮኸ። ግንቦት 30 ግን የሚውለው ጁን 7 ነው፤ የነሱ ሜይ 31 ቀን ስላለው የኛ ወር ማብቂያ በነሱ አቆጣጠር አንድ ቀን ቀደም ይላል። አፑ ጁን 8 ላይ፣ ማለትም ሰኔ 1 ጠዋት፣ ደስ በሚል ድምፅ አስታወሰኝ። ቅጣቱን ከኪሴ ከፈልኩ። የደንበኛዬን ፊት ማየት ግን ከቅጣቱ ይከብድ ነበር።

ጥፋቱን አፑ ላይ አልጥልም። ማስታወሻን በመጨረሻዋ ቀን ላይ መሙላት ከሂሳብ ሠራተኛ የማይጠበቅ ሞኝነት ነው። ግንቦት መቼ እንደሚያልቅ እኔ ራሴ እያወቅሁ «ስልኩ ያስታውሰኛል» ብዬ ጭንቅላቴን አሳርፌው ነበር። ደግሞ በዚያ ሳምንት አፑ ላይ ቀኑ ያለፈበት ስልሳ ምናምን ቀይ መስመር ተደርድሮ ነበር። ሁሉም ነገር ቀይ ሲሆን ዓይን ቀዩን ማየት ይተዋል።

(ስልክና የኛ ሰዓት ከተነሳ አይቀር፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለነበረኝ ቀጠሮ አንዴ «3:00» ብዬ ሞልቼ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቤተሰቡን በሙሉ ቀስቅሻለሁ። ባለቤቴ እስካሁን ያወራዋል።)

በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት ከሰፈራችን ሱቅ እንቁላልና ዳቦ ልወስድ ገባሁ። ቦርሳዬን ረስቻለሁ። ባለሱቁ ምንም ሳይል ከሚዛኑ ሥር ጫፉ የተጠቀለለ ደብተር አወጣ፤ እስክሪብቶው በሲባጎ ታስሮበታል። ገጼን ገልጦ ጻፈ።

«እትዬ፣ ካለፈው ገጽ የዞረ 340 ብር አለብዎት፤ ከዛሬው ጋር 465 ሆነ።»

የዞረ። እኔ ኮሌጅ ገብቼ የተማርኩት ቃል ነው።

«እስቲ ደብተሩን አሳየኝ» አልኩት።

«ምነው እትዬ፣ ኦዲት ሊያደርጉኝ ነው?» ብሎ ሳቀ። ግን ሰጠኝ።

ለአንድ ሰው አንድ ገጽ። የተከፈለው ላይ አንድ ሰረዝ። ገጹ ሲሞላ የተሰረዘው እዚያው ይቀራል፤ ያልተከፈለው ብቻ ተደምሮ ወደ አዲሱ ገጽ ይዞራል። ቀለም የለ፣ ደረጃ የለ፣ መለያ የለ። ግማሹ ሰፈር በዚያች ደብተር ነው የሚበላው። ቆሜ ሳገላብጥ አንድ ነገር ታየኝ። ያ ደብተር የሚጻፍበት ሰዓት ሁሌም መጥፎ ሰዓት ነው። ሦስት ሰው ቆሞ እየጠበቀ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በአንድ እጅ ስኳር እየተመዘነ ይጻፍበታል። የኔ አፕ ደግሞ የሚሠራው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልጆች ተኝተው፣ ቡና ተፈልቶ ብቻ ነው። ሥራ የሚበዛብኝና ዝርዝሩ የሚያስፈልገኝ ቀን ላይ እሱ የለም።

በማግስቱ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ፤ ልጆች ትምህርት ቤት የሚይዙት ተራው ደብተር። የመጀመሪያው መስመር «ለባለሱቁ 465 ብር መክፈል» ይላል፤ አሁንም አለኝ፣ ሰረዙም አለበት።

ደብተሩ ሲገለጥ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ይታያል፤ ያ ሁለት ገጽ አንድ ሳምንት ነው። በግራ በኩል አናቱ ላይ «ተከፋይ» እላለሁ፤ እኔ ለሌላው የምከፍለው ሥራ። በቀኝ በኩል «ተሰብሳቢ»፤ ከሌላው የምጠብቀው። የሙያ ልማድ ነው፣ እናንተ የፈለጋችሁትን ስም ስጡት። መለየቱን ግን አትተዉት፤ ከሁሉም የጠቀመኝ እሱ ነው። ድሮ «የፋርማሲው ደረሰኞች» የሚል መስመር ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝርዝሬ ላይ ተኝቶ በየቀኑ ባየሁት ቁጥር የሰነፍኩ ያህል ይሰማኝ ነበር። ሥራው ግን የኔ አልነበረም፤ ጠይቄያለሁ፣ የምጠብቀው እነሱን ነው። አሁን በቀኝ ገጽ «የፋርማሲው ደረሰኞች፣ ሰኔ 4 ጠየቅሁ» ብዬ እጽፋለሁ። ሳምንት ሲሞላው እደውላለሁ። ደንበኛው «መቼ ጠየቅሽኝ?» ሲል ቀኑ አለ።

ባለቤቴ አንድ ቀን የተሰብሳቢውን ገጽ አይቶ፣ «የመኪናው ቦሎ» ከሚለው መስመር አጠገብ የራሱን ስም ሲያገኝ «እኔም ዕዳ ውስጥ ገባሁ?» አለኝ። ገብቷል። ቦሎውን በሦስተኛው ቀን አሳደሰው። ይህን ገጽ ሆን ብላችሁ ለትዳር ጓደኛ እንድታሳዩ ግን አልመክርም፤ በራሱ ጊዜ ቢያየው ይሻላል።

አጻጻፍ ላይ ያለኝ ደንብ አንድ ነው፦ መስመሩ በግሥ ማለቅ አለበት። መደወል፣ መላክ፣ መጠየቅ፣ መግዛት። «የውሃ ቆጣሪ» የሚል መስመር አምስት ሳምንት ዞሮብኛል። ቆጣሪው እንደቆመ አውቃለሁ፤ ምን እንደማደርግ ግን አልጻፍኩም ነበር፣ ስለዚህ ባየሁት ቁጥር ሆዴ ቁርጥ ይልና አልፈዋለሁ። ስድስተኛው ሳምንት ላይ «ጎረቤታችን ባለፈው ዓመት የት እንዳመለከተች መጠየቅ» ብዬ ቀየርኩት። ማታ በረንዳ ላይ ጠየቅኋት፣ አለቀ። የቀረው ሁለት ቀን አልፈጀም።

የዚህን ምክንያት ኋላ ላይ አንብቤ አገኘሁት። ብሉማ ዛይጋርኒክ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በርሊን ውስጥ ሠርታ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመችው ጥናት ሰዎች ከጨረሱት ሥራ ይልቅ በመሃል የተቋረጠባቸውን ይበልጥ እንደሚያስታውሱ ጽፋለች። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች ያልተፈጸመ ጉዳይ ሐሳብን መረበሽ የሚተወው ሲፈጸም ብቻ ሳይሆን መቼና እንዴት እንደሚሠራ ተለይቶ ሲታቀድም እንደሆነ አሳይተዋል። «የውሃ ቆጣሪ» ማቀድ አይደለም፤ ጎረቤትን መጠየቅ ነው ማቀድ። እናቴ ይህን ስነግራት «ለዚህ በርሊን ድረስ ተሄደ?» አለችኝ።

እሑድ ማታ ሂሳብ እዘጋለሁ። ሃያ ደቂቃ አይሞላም። የተሠራው ሳምንቱን ሙሉ ተሰርዟል፤ የቀረውን ወደ አዲሱ ገጽ በእጄ እገለብጣለሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «በእጅ መገልበጥ አይሰለችም?» ይለኛል። ይሰለቻል፤ የሚሠራውም ስለሚሰለች ነው። አፑ ያልሠራሁትን ሥራ ራሱ ወደ ነገ ይገፋልኝ ነበር፤ ምንም ስለማያደክመኝ ሁለት ዓመት የተገፋ ነገር ነበረኝ። በእጅ ሲሆን ግን አንድ መስመር ሦስተኛ ጊዜ ስጽፍ እጄ ራሱ «ይህ ነገር ምንድነው?» ይላል። ሥራው እኔን ከሚያዞረኝ እኔ ሥራውን ባዞረው ይሻላል።

በዞረ ቁጥር ከመስመሩ ፊት አንዲት ጭረት አደርጋለሁ። ከውሃ ቆጣሪው ወዲህ ሦስት ጭረት ያለው መስመር አራተኛ ጊዜ እንዲሁ አይዞርም። ወይ ግሡ ትልቅ ነው ማለት ነው፣ አሳንሰዋለሁ፤ ወይ ሥራው የሌላ ሰው ነው፣ ወደ ቀኝ ገጽ ይሻገራል፤ ወይ ደግሞ አልሠራውም። አልሠራውም የምለውን ከደብተሩ መጨረሻ ባለው «የማይሰበሰብ» ብዬ በሰየምኩት ገጽ ላይ እመዘግባለሁ። ነጋዴ የማይከፈለውን ዕዳ መዝገቡ ላይ ለዘላለም ተሸክሞ አይዞርም፤ ኪሳራ ብሎ ይይዘውና ይገላገላል። የመጀመሪያውን ዓመት የማይሰበሰብ ገጽ ላይ የተጻፉት ፈረንሳይኛ መማር፣ የ2008ን ፎቶዎች ማሳተምና አንዲት ደንበኛ በነፃ እንድሠራላት የጠየቀችኝ የቢዝነስ ፕላን ናቸው። ሦስተኛውን ስጽፍ ወዲያው ደወልኩና «አልችልም፣ ይቅርታ» አልኳት። አራት ወር «እያየሁት ነው» ስላት ነበር።

ግራው ገጽ ሃያ ሁለት መስመር አለው። ሲሞላ ሞላ ነው፤ ሌላ ገጽ አልቀጥልም። ሳምንቱ መጀመሪያ ላይ ከተሞላብኝ ያበዛሁት እኔ ነኝ ማለት ነው፣ የሆነ ነገር ወጥቶ ነው ሌላው የሚገባው። አፕ መጨረሻ የለውም፤ ሁለት መቶ መስመር ቢጽፉበት አይቆጣም።

አሁን ወደ ወሩ ገጽ ልምጣ፤ ለኛ አገር ሰው በተለይ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ወራችን ሁሌም 30 ቀን ነው። ስለዚህ ከሽፋኑ ጀርባ ከ1 እስከ 30 የተቆጠረ አንድ ገጽ አዘጋጅቼ በየወሩ የሚመላለሰውን ነገር እዚያ ላይ አንድ ጊዜ ጻፍኩት። 5 ላይ ደንበኞችን ደረሰኝ መጠየቅ። 12 ላይ ዕድር መክፈል። 15 ላይ የእናቴን መድኃኒት መግዛት። 20 ላይ የደመወዝ ግብርና ጡረታ። 25 ላይ ቫት፤ 30 አላልኩም፣ ተምሬያለሁ፤ ሁሉም ሰው በመጨረሻዎቹ ቀናት ስለሚገባ ሲስተሙም ይጨናነቃል። ጳጉሜን ከግርጌ በአንዲት መስመር ተቀምጣለች፤ ለግብር የነሐሴ አካል ሆና ስለምትቆጠር ብዙ አታስቸግርም። ይህ ገጽ ዓመቱን ሙሉ አይነካም። እሑድ ማታ ስዘጋ የሚመጣውን ሳምንት ቀኖች አይና የሚመለከተኝን ወደ ግራ ገጽ አወርዳለሁ። ድፍን አንድ ደቂቃ።

ደንበኞቼም ቀን የሚቀጥሩት በዚሁ ገጽ ቋንቋ ነው። «ለሚካኤል አመጣልሻለሁ» ያለኝ ሰው 12 ማለቱ ነው፤ «ከገብርኤል በፊት» 19 ሳይደርስ፤ «ለማርያም» 21። ብረት በያጁ ደንበኛዬ ደግሞ «ከጁምዓ በኋላ» ይለኛል፣ እሱ የሳምንቱ ገጽ ላይ ይገባል። ይህን ሁሉ ወደ ኤፕሪልና ሜይ እየመነዘርኩ ስልክ ላይ ስሞላ የኖርኩት ለምን እንደሆነ እንጃ። ስልኩን አልጣልኩትም፤ ሰዓት ላለው ነገር ብቻ፣ ለሐኪም ቀጠሮና ለስብሰባ፣ ደወል አስሞላዋለሁ።

ያልሠሩልኝም አሉ። በሁለተኛው ወር «ለቤት አንድ፣ ለሥራ አንድ» ብዬ ደብተሩን ለሁለት ከፈልኩት። በሳምንቱ የቤቱ ደብተር ቢሮ፣ የቢሮው ቤት ሲያድር ተውኩት። የማስበው በአንድ ጭንቅላት ነው፣ የሚበቃኝም አንድ ደብተር ነው። በአራተኛው ወር ደግሞ ሦስት ባለ ቀለም እስክሪብቶ ገዝቼ መጣሁ፤ ሱስ ነው፣ አይለቅም። አረንጓዴው ሲጠፋብኝ አረንጓዴ የሆኑ ሥራዎችን ሁለት ቀን ሳልጽፍ ቀረሁ! እስክሪብቶዎቹን ለልጄ ሰጠኋት።

አንድ ጊዜም ሚኒባስ ውስጥ ደብተሩን ረስቼ ወረድኩ። ከዚያ በፊት የደብተር ተቃዋሚዎች ሁሉ «ቢጠፋስ?» ይሉኝ ነበር፤ ጠፋ። እሑድ ማታ ከዘጋሁ በኋላ ሁለቱን ገጽ ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ ለራሴ የመላክ ልማድ ስለነበረኝ የጠፋብኝ ከሰኞ እስከ ረቡዕ የጻፍኩት ብቻ ነበር። ማታ አዲስ ደብተር ላይ ገለበጥኩት። የደንበኛ የይለፍ ቃልና የባንክ ቁጥር ግን ደብተሩ ላይ አትጻፉ፤ ያን ቀን ያስተኛኝ እሱን አለመጻፌ ነው።

አሠራሩ በትክክል የተፈተነው አክስቴ ያረፈች ጊዜ ነው። ያሳደገችን እሷ ናት። አሥራ ሰባት ቀን ደብተሩን አልነካሁትም፤ ሐዘንተኛ ተቀምጦ ዝርዝር አይጽፍም። ድሮ አፑን እንዲህ ለሁለት ሳምንት የተውኩ ጊዜ ስመለስ የተቀበለኝ ቀይ ሰልፍ ነበር፤ ከፍቼ አይቼ፣ ዘግቼ፣ በዚያው ቀርቻለሁ። ብዙ ሰው ዝርዝሩን የሚተወው የሄደ ቀን ሳይሆን ሊመለስ የሞከረ ቀን ይመስለኛል።

ያን ጊዜ ያደረግሁት እንዲህ ነው። አሮጌውን ገጽ ሳልገልጥ አዲስ ገጽ ከፍቼ የዕለቱን ቀን ጻፍኩ። ጭንቅላቴ ውስጥ የሚንጫጫውን ብቻ አወረድኩ፤ ዘጠኝ መስመር ሆነ። ቀጥሎ የወሩን ገጽ አየሁ፤ ሁለት ያለፉኝ ነገሮች ነበሩ፣ ቫቱ ግን ገና አምስት ቀን ነበረው። አሮጌውን ገጽ የገለጥኩት በመጨረሻ ነው። አሥራ አምስት ያልተሰረዙ መስመሮች ነበሩ። ስድስቱን አስቀድሜ ጽፌያቸዋለሁ። አራቱን ሌላ ሰው ሠርቷቸዋል ወይም ጊዜ ራሱ ፈትቷቸዋል። ሦስቱን አዞርኳቸው፣ ሁለቱ ወደ ማይሰበሰብ ሄዱ። በግማሽ ሰዓት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የአርባዋን ተዝካር ዝግጅትም እዚያው ገጽ ላይ ጻፍኩት፤ በርበሬ ማስፈጨት፣ ድንኳን ከዕድር መጠየቅ፣ ካህናቱን ማነጋገር። ደረሰኝና ተዝካር አንድ ገጽ ላይ መሆናቸው መጀመሪያ ደስ አላለኝም ነበር። ግን ያ ሳምንት እንደዚያ ነበር፣ ሁለቱም የኔ ናቸው።

ደብተር ለሁሉም ይሆናል አልልም። ከአምስት ሰው ጋር አንድ ሥራ የምትሠሩ ከሆነ ሁሉም የሚያየው የጋራ ሰሌዳ ያስፈልጋችኋል፤ ያ ሌላ ነገር ነው። እጃችሁ ከስልክ የማይለይ ከሆነም ስልኩ ላይ ያለውን ተራውን ማስታወሻ ተጠቀሙ፤ አንድ ማስታወሻ፣ አዲሱ ነገር ከላይ፣ የተሠራው ይጠፋል፣ እሑድ ማታ የቀረው በጣት እንደገና ይጻፋል። ኮፒ ማድረግ ክልክል ነው! ታናሽ እህቴ ዱባይ ሆና በዚህ ትጠቀማለች፤ ሥራዋ በፈረንጅ ቀን፣ ለቤት የምትልከው ገንዘብና የምትደውልበት በዓል በኛ ቀን ስለሆነ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ትጽፋለች። አፕ ላይ በየወሩ የሚደጋገም ነገር ግድ መሙላት ካለባችሁና ቀነ ገደቡ በኛ አቆጣጠር ከሆነ ደግሞ ቢያንስ አምስት ቀን አስቀድሙ፤ ያ አንድ ቀን የሚንሸራተትበት ወር ሲመጣ አይነካችሁም።

አዲስ ነገር ልትጨምሩበት ባማራችሁ ቁጥር ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህን ልጄ አተኩሷት ሌሊቱን ሳልተኛ ባደርኩበት ቀን አደርገዋለሁ? እኔ በዚህ ጥያቄ ብዙ ቆንጆ ሐሳብ ጥያለሁ።

ደብተሬ በጳጉሜን ያልቃል። ባያልቅም እዘጋዋለሁ። ከአምስቱ ቀን አንዱን ማታ ይዤ ተቀምጬ የማይሰበሰበውን ገጽ ከላይ እስከ ታች አነባለሁ፤ 2015 ላይ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረች ስድስተኛዋን ለዚሁ ሰጥቻት ነበር። አብዛኛውን ሳነበው «እንኳን ተውኩት» እላለሁ። አንድ ሁለቱ ግን ተሰርዘውም አይሞቱም። ቁም ሳጥኑ ለምሳሌ። ሁለት ጊዜ የማይሰበሰብ ብዬ ሰርዤው ሁለት ጊዜ ተመልሷል፤ በሩ አሁን በሻሽ ታስሮ ነው የሚዘጋው። ባለፈው መስከረም 1 ጠዋት፣ ልጆቹ አበባየሁሽ እያሉ በር ላይ ሲያንኳኩ፣ አዲሱን ደብተር ከፍቼ የመጀመሪያውን መስመር ጻፍኩ፦ «አናጢውን ስንት እንደሚያስከፍል መጠየቅ»። አሁን ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ሁለት ጭረት አለበት።